መጣበቅ፣ መግባት፣ መድረስ፦ ሴል ትልቅ ሞለኪውልን እንዴት ይውጣል?

«ክትባቱ ሴል ውስጥ ገብቶ መመሪያውን ያደርሳል»፣ «መድኃኒቱ ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም እንዲለቅም ያደርጋል»፣ «ቫይረሱ ሴሉን ሰብሮ ይገባል»። የጤና ዜና የሚከታተል ሰው እነዚህን አባባሎች ሳይሰማ አይውልም። ሲሰማም በአእምሮው የሚስለው በር ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ የመጣው ይገባል፣ ነገሩ ያበቃል።

ሴል ግን እንዲህ ያለ በር የለውም። ለትናንሽ ነገሮች ማለፊያ አለው፤ ለትልቅ ሞለኪውል የሚከፍተው ነገር የለም። የሚያደርገው የገዛ ሽፋኑን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ እንግዳውን ከነቆመበት ደጃፍ ጠቅልሎ መዋጥ ነው። ይህን አዋዋጥ በማጥናት ዕድሜያቸውን የፈጁ የሴል ባዮሎጂ ተመራማሪዎች አሉ። ሥራቸው ሲጨመቅ ሦስት የሚመሳሰሉ ነገሮችን የመለየት ሥራ ነው፦ ሞለኪውሉ ሴሉ ላይ ተጣብቋል? ወደ ውስጥ ገብቷል? ወይስ ሊሠራ ከሚገባበት ቦታ ደርሷል? በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሦስቱም አንድ የሚያበራ ነጥብ ናቸው። በዚህ መስክ ከተሠራው ስህተት ብዙው የመጣው ሦስቱን ከማምታታት ነው።

በሩ ለምን አይከፈትም?

ሴልን የሚከበው ሽፋን ከሁለት ረድፍ የስብ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የስቦቹ ራስ ውሃ ይወዳል፣ ጭራቸው ውሃ ይሸሻል፤ ስለዚህ ጭራ ለጭራ ይገጥሙና የሽፋኑ መሀል ቅባት ይሆናል። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅባቱን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ስኳርና ጨው በየራሳቸው ማሳለፊያ ፕሮቲን ይገባሉ።

ፕሮቲን፣ የኮሌስትሮል ጥቅል ወይም ቫይረስ ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ኮሌስትሮልን በደም ውስጥ የሚያጓጉዘው ኤልዲኤል የተባለ ጥቅል 22 ናኖሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የሽፋኑ ውፍረት ከአራት ጊዜ በላይ ይገባበታል። ለእሱ የሚበቃ ቀዳዳ ቢበሳ ሴሉ በውስጥና በውጭ አለያይቶ ያቆየው ጨው በዚያው ቀዳዳ ይደባለቃል፤ ሴሉም አይተርፍም።

መፍትሔው ኢንዶሳይቶሲስ ይባላል። ቃሉን በ1963 ያወጣው ቤልጅጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩን ለማየት በግማሽ የተነፋ ፊኛ ይበቃል። ጣት ጫን ሲልበት ላስቲኩ ተከትሎ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጣቱ ፊኛው መሀል ደርሷል፤ ሆኖም ፊኛው አልተቀደደም፣ ጣቱም የሚነካው አሁንም የላስቲኩን የውጭ ገጽ ነው። የስርጉዱ አፍ ታንቆ ቢቆረጥና ቁራጩ ቢዘጋ በትልቁ ፊኛ ውስጥ የሚንሳፈፍ ትንሽ ፊኛ ይቀራል። ትንሹን «ከረጢት» እንበለው።

ከምሳሌው ያልተለመደው ነገር ይህ ነው፦ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጭነት በሴሉ ሆድ ቢገኝም ሽፋኑን አልተሻገረም። ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም ከሰውየው ጋር አለ እንጂ ሰውነቱ ውስጥ አይደለም፤ ኪሱ ቢሰፋበትም ያው ነው።

ሁሉም አዋዋጥ አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም። መጀመሪያ የታየው ትልቁ ነው። ሩሲያዊው ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ፣ ሰውነቱ ብርሃን በሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ሲያየው ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። ሴሎች ባዕድ ነገርን እየዋጡ አካልን ይከላከላሉ የሚለው ሐሳቡ በ1908 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ይህ ፋጎሳይቶሲስ፣ «የሴል መብላት» ነው፤ ባክቴሪያና የሞተ ሴል የሚያህል ነገር የሚዋጠው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ፒኖሳይቶሲስ፣ «የሴል መጠጣት» ነው፤ ስሙን በ1931 የሰጠው ዋረን ሉዊስ ነው። ሴሉ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ይጎነጫል፤ በፈሳሹ የሟሟው ሁሉ ሳይመረጥ አብሮ ይገባል። ምን ያህል እንደሚጠጣ ራልፍ ስታይንማንና ባልደረቦቹ በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ ለኩት። ከተክል ሥር የሚወጣ ፔሮክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ሴሎቹ ባሉበት ፈሳሽ ጨመሩ፤ ኢንዛይሙ ጥቁር ዝቃጭ ስለሚፈጥር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የገባበት ይታያል። ማክሮፌጅ የተባለው ነጭ የደም ሴል መላ ገጹን የሚያህል ሽፋን በ33 ደቂቃ ገደማ ይውጣል፤ በቤተ ሙከራ የሚያድግ የፋይብሮብላስት (ቆዳን የመሰለ አካል የሚያያይዝ ሴል) ዘር ደግሞ በ2 ሰዓት ገደማ።

ቁጥሩ ራሱ ሌላ ነገር ይናገራል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መላ ሽፋኑን እንደ አዲስ መሥራት የሚችል ሴል የለም። ሴሉ ሲውጥ ካልኮማተረ፣ የተዋጠው ሽፋን እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ስታይንማን በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ነበር በ1973 ከዛንቪል ኮን ጋር ቅርንጫፍ የሚመስል አካል ያላቸውን ዴንድሪቲክ ሴሎች የለየው። እነዚህ የዋጡትን ፈጭተው ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳዩ ናቸው። በ2011 ለዚህ ግኝት ኖቤል ተሸለመ፤ ዜናው ሲነገር ካረፈ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

ሴሉ የሚፈልገውን እንዴት ይመርጣል?

በደም ውስጥ ጥቂት ሆኖ የሚገኝ ነገር ሲፈለግ ዝም ብሎ መጠጣት አያዋጣም። ስለዚህ ሴሉ በሽፋኑ ላይ «ተቀባይ» የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያቆማል። የተቀባዩ እጅ ወደ ውጭ ዞሮ አንድ ዓይነት ሞለኪውል ይይዛል፤ ጭራው ወደ ሴሉ ውስጥ ዞሮ ለውስጡ ማሽን ምልክት ይሰጣል።

የማሽኑ የመጀመሪያ ግልጽ ምስል የመጣው ከትንኝ ነው። ቶማስ ሮዝና ኪት ፖርተር በ1964 የትንኝን የእንቁላል ሴል መረመሩ። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ እንቁላሏ የአስኳል ፕሮቲን በብዛት ይሰበስባል። በ7 ሰዓት ውስጥ በእንቁላል ሴሉ ገጽ ላይ ያሉት ስርጉዶች 15 እጥፍ በዝተው ከ300,000 አለፉ። የስርጉዶቹ ጀርባ፣ በሴሉ ውስጥ በኩል፣ እንደ ብሩሽ ፀጉር የቆመ ልባስ ነበረው።

ልባሱ የተሠራበትን ፕሮቲን ባርባራ ፒርስ በካምብሪጅ ከአሳማ አንጎል አጣርታ አወጣችው፤ በ1976 ክላትሪን አለችው፤ ፍርግርግ እንደ ማለት ነው። አንዱ ክላትሪን ሦስት የጎበጡ እግሮች አሉት። እግሮቹ እርስ በርስ ሲቆላለፉ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ዓይኖች ያሉት ቅርጫት ይሠራሉ። ባለ ስድስት ጎን ብቻ ቢሆን ጠፍጣፋ ምንጣፍ ይሆን ነበር፤ የሚያጎብጠው ባለ አምስት ጎኑ ነው። ቅርጫቱ ክብ ሆኖ እንዲዘጋ 12 ባለ አምስት ጎኖች የግድ ያስፈልጋሉ። እግር ኳስ ላይ ያሉትን ጥቁር ቁራጮች ለቆጠረ ሰው ቁጥሩ አዲስ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ኤፒ-2 የተባለ አገናኝ በአንድ ወገን የተቀባዩን ጭራ፣ በሌላው ክላትሪኑን ይይዛል። ተቀባዮች ይሰበሰባሉ፣ ክላትሪን ይደረደራል፣ ሽፋኑ ይሰረጉዳል። አንገቱ ሲቀጥን ዳይናሚን የተባለ ፕሮቲን እንደ ጥምጥም ተጠምጥሞ ኃይል እያቃጠለ ያንቀዋል፤ ከረጢቱ ይቆረጣል። ከዚያ ቅርጫቱ ወዲያው ይፈርሳል፤ ክላትሪኑም ለሚቀጥለው ስርጉድ ነፃ ይሆናል። ከመጀመር እስከ መቆረጥ አብዛኛውን ጊዜ 1 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ከረጢቱ ከነልባሱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው።

ዳይናሚን ባይኖር ምን እንደሚሆን የምታሳይ ዝንብ አለች። ሺቢሬ ትባላለች፤ በጃፓንኛ ድንዛዜ ማለት ነው። በተለመደው የክፍል ሙቀት ትበራለች፤ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ሽባ ሆና ትወድቃለች፣ ሲቀዘቅዝላት ትነሣለች። ነርቮቿ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ስርጉዶቹ ተሠርተው፣ አንገታቸው ቀጥኖ፣ ሳይቆረጡ ተንጠልጥለዋል። ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ ከረጢቶቹን ወደ ውጭ ይደፋል፤ መልሶ ካልዋጣቸው የሚልከው ያልቅበታል። በ1991 የተበላሸው ጂን ሲገኝ የዳይናሚን ሆነ።

በሽታ ይህን ሥራ ያጋለጠው እንዴት ነው?

ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በቴክሳስ ዳላስ የሚሠሩ ሐኪሞች ነበሩ። ጥያቄያቸው በቤተሰብ ስለሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነበር። የተበላሸውን ጂን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ ልጆች በደማቸው ያለው ኮሌስትሮል ከመደበኛው ስድስትና ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የልብ ደም ሥራቸው በልጅነታቸው ይደፈናል። ለምን?

ከጤነኛና ከታማሚ ሰዎች ቆዳ ፋይብሮብላስት ወስደው በሳህን አሳደጉ። ኤልዲኤልን በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምልክት አደረጉበትና ለሴሎቹ ሰጡ። ብልሃቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው፤ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሦስት ለኩ። ሴሎቹን ሄፓሪን ባለበት ፈሳሽ ሲያጥቡ ገጹ ላይ የተጣበቀው ኤልዲኤል ይለቃል፤ ይህ የተጣበቀው ነው። ታጥቦ ያልለቀቀውና ከሴሉ ጋር የቀረው የገባው ነው። ተፈጭቶ ወደ ፈሳሹ የተመለሰው አዮዲን ያዘለ ቅንጣት ደግሞ መፍጫው ድረስ የደረሰው ነው።

በጤነኛ ሴል ሦስቱም ተራ በተራ ይታያሉ። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ሴል ላይ ከመነሻው የሚጣበቅ አልነበረም፤ ተቀባዩ የለም ወይም አይሠራም። የአንድ ታማሚ ሴሎች ግን ግራ አጋቡ፤ ኤልዲኤሉ በደንብ ይጣበቃል፣ ነገር ግን አይገባም። በጤነኛ ሴል በክላትሪን የተለበሱት ስርጉዶች የገጹን 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢይዙም ከግማሽ በላይ የሆኑት የኤልዲኤል ተቀባዮች እዚያ ይሰበሰባሉ። በዚህ ታማሚ ሴሎች ላይ ግን በየቦታው ተበትነዋል። በ1986 ምክንያቱ ታወቀ፦ 839 አሚኖ አሲዶች ካሉት ተቀባይ ውስጥ በ807ኛው ቦታ፣ ጭራው ላይ፣ ታይሮሲን መሆን የነበረበት ሲስቴን ሆኗል። እጁ ጤነኛ ነው፤ ጭራው አገናኙን አይጠራም። መያዝና መዋጥ ለየብቻ የሚበላሹ ሁለት ሥራዎች መሆናቸው ከዚህ በላይ ጥርት ብሎ የታየበት ቦታ የለም። ሁለቱ ሐኪሞች አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1985፣ ኖቤል ተሸልመው ነበር።

ከተዋጠ በኋላስ?

ከረጢቱ ኢንዶዞም ከተባለ፣ ጭነት ከሚለይበት ክፍል ጋር ይዋሃዳል። በሽፋኑ ላይ ያለ ፓምፕ አሲድ ያስገባል፤ ከሴል ውጭ 7.4 የነበረው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ወደ 6 ይወርዳል። ኤልዲኤልና ተቀባዩ የሚለያዩት እዚህ ነው። ተቀባዩ ወደ ገጹ ይመለሳል፤ አንድ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ፣ ዕድሜው 20 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ኤልዲኤሉ ወደ መፍጫው፣ ወደ ላይሶዞም ይወርዳል። በዚያ ፒኤች 5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን መፍጫ ኢንዛይሞቹ የሚሠሩት እንዲህ ባለ አሲድ ውስጥ ብቻ ነው። ላይሶዞምን በ1955 ያሳወቀው ያው ደ ዱቭ ነው።

ብረት የሚሸከመው ትራንስፈሪን ሌላ መንገድ ይሄዳል። ሁለት የብረት አተሞች ይዞ ይገባል፤ በአሲዱ ብረቱን ይለቃል እንጂ ተቀባዩን አይለቅም። ባዶውን አብሮ ወደ ገጹ ይመለሳል፤ ፒኤች 7.4 ሲያገኘው ይላቀቃል። ያራገፈ መኪና ባዶውን ወደ መጫኛው እንደሚመለስ ነው። ይህን መመላለስ ልብ ይሏል፤ በኋላ ሙከራ ያበላሻል።

ፒሲኤስኬ9 የተባለው ፕሮቲን የሚያደርገው የኤልዲኤልን ተቀባይ መመለሻ መንገድ መዝጋት ነው። ተቀባዩ ላይ ይጣበቅና አብሮት ወደ ላይሶዞም ይነዳዋል፤ ተቀባዩም ይፈጫል። ጂኑ በ2003 ታወቀ፤ ፕሮቲኑን የሚይዙ መድኃኒቶች በ2015 ተፈቀዱ። መድኃኒቶቹ ኮሌስትሮልን አይነኩም፤ ተቀባዩ ከመፈጨት ተርፎ እንዲመላለስ ያደርጋሉ።

«ገብቷል» የሚባለው በምን ተረጋግጦ ነው?

በየቤተ ሙከራው በብዛት የሚሠራው የትራንስፈሪን ሙከራ ነው። ሴሎች በስስ መስታወት ላይ ይዘራሉ፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የመስታወቱን 60 እና 70 በመቶ ሲሸፍኑ ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ከተጨናነቁ መዋጥ ይቀንሳሉ፣ አንዱም ከሌላው አይለይም። ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) በሌለው ፈሳሽ በ37 ዲግሪ ይቆያሉ፤ ሴረም ውስጥ ያለው ትራንስፈሪን ተቀባዮቹን እንዳይሻማ ነው።

ከዚያ ሳህኑ በረዶ ላይ ይቀመጣል። 4 ዲግሪ አካባቢ ሽፋኑ ስለሚደነድን መዋጥ ይቆማል፤ መጣበቅ ግን አይቆምም። ሙከራው በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። አብሪ ቀለም የተለጠፈበት ትራንስፈሪን፣ በሚሊሊትር 25 ማይክሮግራም ያህል፣ ለ20 እና 30 ደቂቃ ይሰጣል። በበረዶ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። አሁን ሁሉም ተጣብቋል፣ ማንም አልገባም። ቀድሞ በ37 ዲግሪ የሞቀ ፈሳሽ ይጨመርና አንዱ ሳህን በ2፣ ሌላው በ5፣ ሌላው በ10 ደቂቃ ወደ በረዶ ይመለሳል። ሳይሞቅ የቀረ አንድ ሳህን የዜሮ ደቂቃ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በመጨረሻ ገጹ ላይ የቀረው ትራንስፈሪን በአሲድ ፈሳሽ ብረቱን እንዲለቅ ይደረግና በፒኤች 7.4 ፈሳሽ ታጥቦ ይገፈፋል፤ ሴሎቹ በ4 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ለ15 ደቂቃ ሞተው ባሉበት ቅርጽ እንዲጸኑ ይደረግና ይታያሉ።

ዜሮው ሳህን ከተገፈፈ በኋላም የሚያበራ ከሆነ ውጤቱን ማንበብ አያስፈልግም፤ መግፈፉ አልሠራም። ሌላ ማነጻጸሪያም አለ፦ ቀለም የሌለው ትራንስፈሪን ከ50 እስከ 100 እጥፍ አብሮ ይሰጣል። ተቀባዩን ስለሚሞላው ብርሃኑ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ቀለሙ የተጣበቀው ተቀባዩ ላይ አይደለም።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ተራው ስህተት ቅዝቃዜው ነው። ማጠቢያው ከበረዶ ሳይሆን ከጠረጴዛ ላይ ከተነሣ፣ ሴሎቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መዋጥ ይጀምራሉ። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ትራንስፈሪን 10 ደቂቃ ካለፈው መመለስ ስለሚጀምር ብርሃኑ ይቀንሳል፤ በ20 ደቂቃ ብቻ የለካ ሰው «ሴሎቹ ትንሽ ዋጡ» ይላል፣ እነሱ ግን ውጠው መልሰዋል።

ቀለሙም ይዋሻል። ፍሎረሲን የተባለው የተለመደ አረንጓዴ ቀለም በአሲድ ይደበዝዛል፤ ጭነቱ ወደ ላይሶዞም በተጠጋ ቁጥር የጠፋ ይመስላል። በተቃራኒው በአሲድ ብቻ የሚያበሩ ቀለሞች አሉ፤ ገጹ ላይ የቀረው ስለማይታይ ለዚህ ሥራ የተሻሉ ናቸው። ቀለሙ ከጭነቱ ተላቆ ብቻውን ሲዞርም ይገኛል፤ ያኔ የሚከታተሉት ጭነቱን ሳይሆን ማኅተሙን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈረው የማጽኛው የፎርማልዲሃይድ ነገር ነው። ኤሌክትሪካዊ ሙላታቸው አዎንታዊ የሆነ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች ሽፋን ሰንጥቀው ኒውክለስ ድረስ በደቂቃዎች ይገባሉ ተብሎ ለዓመታት ተጻፈ። በ2003 እንደተጋለጠው፣ ቁራጮቹ ገጹ ላይ በኃይል ተጣብቀው ቆይተው ፎርማልዲሃይዱ ሽፋኑን ሲጎዳው ነበር ወደ ውስጥ የሚፈሱት። ሴሎቹ በሕይወት እያሉ ሲታዩ ብርሃኑ በከረጢቶች ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ አንባቢ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ሴሎቹ ሳይሞቱ የተነሡበትን ምስል ነው።

የማይክሮስኮፑም ወሰን አለ። ተራ ብርሃን ከ200 ናኖሜትር በታች የሚራራቁ ሁለት ነጥቦችን አይለይም፤ ከረጢቱ 100 ነው። ገና ያልተቆረጠ ስርጉድና የተቆረጠ ከረጢት አንድ ነጥብ ናቸው። ከላይ ሲታይ «ኒውክለስ ውስጥ» ያለ የሚመስለውም የሴሉ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከመስታወቱ በላይ ያለውን 100 ናኖሜትር ያህል ንብርብር ብቻ የሚያበራ ዘዴ አለ፤ ስርጉዱ ሲወለድና ሲጠፋ በሕይወት ያሳያል። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ሴሉ ግን የሞተ ነው።

«በየትኛው መንገድ ገባ?» ለሚለው ጥያቄ መንገዱን የሚዘጋ ኬሚካል መጨመር ይዘወተራል፤ እምነት የሚጣልበት ግን አይደለም። ዳይናሶር የተባለው ዳይናሚንን ያግዳል ይባላል። ሦስቱም የዳይናሚን ጂኖች በሌሏቸው ሴሎች ላይ ሲሞከር ግን በሽፋኑ እንቅስቃሴና በፈሳሽ መጎንጨቱ ላይ ያለው ጫና ቀጠለ። ስለዚህ የነካው ዳይናሚንን ብቻ አይደለም። ሴረም ባለበት ፈሳሽ ደግሞ ፕሮቲኖች ይይዙትና ምንም ላይሠራ ይችላል። ጂኑን ዝም ማሰኘት የተሻለ ነው፤ ችግሩ ፕሮቲኑ እስኪያልቅ 2 እና 3 ቀን መፍጀቱ ነው፤ ሴሉ በዚያ መሀል ሌላ መንገድ ያበጃል። አሳማኝ የሚሆነው ቢያንስ ሁለት የማይመሳሰሉ ዘዴዎች ሲስማሙና ጂኑ ሲመለስ መዋጡም አብሮ ሲመለስ ነው።

ይህ ለመድኃኒትና ለቫይረስ ምን ለውጥ ያመጣል?

በቫይረስ እንጀምር። አሪ ሄሌኒየስና ባልደረቦቹ በ1980 እንዳሳዩት ሴምሊኪ ፎረስት የተባለው ቫይረስ ሽፋን አይሰብርም፤ ራሱን ያስውጣል። በኢንዶዞም ውስጥ አሲዱ ሲያገኘው ፕሮቲኑ ቅርጹን ቀይሮ የቫይረሱን ሽፋን ከከረጢቱ ሽፋን ጋር ያዋህዳል፤ ውስጡ ያለው ወደ ሴሉ ይፈስሳል። ኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ ነው። ሴሉ ለመፍጨት ያዘጋጀው አሲድ ለቫይረሱ የመውጫ ሰዓቱን ይነግረዋል።

በ2020 ክሎሮኪን በኮቪድ ላይ ተስፋ የተጣለበት በዚህ ምክንያት ነበር። ክሎሮኪን የኢንዶዞምን አሲድ ያዳክማል፤ ከጦጣ ኩላሊት በተገኙ ቬሮ ሴሎች ላይ ቫይረሱን አግዶ ታየ። እነዚያ ሴሎች ላይ ቫይረሱ የሚገባው በኢንዶዞም በኩል ነው። የሰው የሳንባ ሴሎች ግን በገጻቸው ላይ ቲኤምፒአርኤስኤስ2 የተባለ ቆራጭ ኢንዛይም አላቸው፤ ቫይረሱ በእሱ ታግዞ አሲድ ሳይጠብቅ ገጹ ላይ ይዋሃዳል። በሳንባ ሴሎች ሲሞከር ክሎሮኪን አላገደውም፤ በሰው ላይ የተደረጉ ትልልቅ ሙከራዎችም ጥቅም አላገኙም። ሳህኑ ውስጥ የታየው ውሸት አልነበረም፤ የሌላ መንገድ ነበር።

የኤምአርኤንኤ ክትባቶች መመሪያቸውን የሚያጓጉዙት 100 ናኖሜትር ገደማ በሆኑ የስብ ጥቅሎች ነው። ከስቦቹ አንዱ በፒኤች 7.4 ሙላት የለውም፤ በኢንዶዞሙ አሲድ ግን አዎንታዊ ይሆናል። ያኔ የከረጢቱን አሉታዊ ስቦች ይስብና ሽፋኑን ያናጋዋል። በተመሳሳይ ጥቅል በደም ሥር የሚሰጡ የጉበት መድኃኒቶች ደግሞ አፖኢ የተባለ የደም ፕሮቲን ይለብሳሉ፤ የጉበት ሴልም በኤልዲኤል ተቀባይና በዘመዶቹ ይውጣቸዋል። የብራውንና የጎልድስታይን ተቀባይ በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከተዋጠው ስንቱ ከከረጢቱ ያመልጣል? በ2013 የወጣ ልኬት ጂን ዝም የሚያሰኙ አጫጭር አርኤንኤዎችን ተከትሎ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ አለ። ቀሪው ተፈጭቷል ወይም ወደ ውጭ ተመልሷል። አንድ ጥቅል «ሴል ውስጥ በብዛት ገባ» ሲባል ስለ መድረሱ ገና ምንም አልተባለም፤ በእጥፍ የሚዋጥ ጥቅል በእጥፍ ላይሠራ ይችላል።

መድረስን ለመያዝ የሚያገለግል አንድ ዘዴ ጋሌክቲንን ይጠቀማል። ጋሌክቲን በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ የሚኖር ፕሮቲን ነው፤ ሲቀደድ ብቻ የሚገለጡትን የከረጢቱን የውስጥ ገጽ ስኳሮች ይይዛል። አብሪ ሆኖ ሲሠራ ሴሉ በሙሉ ደብዘዝ ብሎ ያበራል፤ አንድ ከረጢት ሲቀደድ እዚያው ላይ ይሰበሰብና ደማቅ ነጥብ ይሆናል። ነጥቡ ከረጢቱ መቀደዱን ይናገራል። ጭነቱ በዚያ ቅዳጅ ስለ መውጣቱ ግን ሌላ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ግማሹ ከጭነቱ ጋር የታሰረ፣ ግማሹ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ የሚጠብቅ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ የሚያበራ ፕሮቲን።